የሸረሪቷ ገል

አንዲት የውኃ ሸረሪት ነበረች፤ በአሜሪካ ነባር ነዋሪዎች በቼሮኪዎች አገር፣ እንስሳት እንደ ሰው በሚያወሩበት ዘመን። ያኔ ዓለሙ ሁሉ ብርድ ነበር። ትልልቆቹ እንስሳት ከውኃ ማዶ ካለው ደሴት እሳት እናመጣለን ብለው ሄደው ላባና ጠጉራቸውን አሳርረው ሲመለሱ፣ እሷ ውኃውን ተሻግራ አንድ ፍም በትንሽ ገል አዝላ አመጣች። "እንጨት ብቻ አትንፈጉት" ብላ አስረከበችና ወደ ኩሬዋ ተመለሰች።

ከዓመታት በኋላ የጥንቸል ልጆች በብርድ ሊያልቁ ነው የሚል ወሬ ደረሳት። እሳት አስቀምጦ በብርድ መሞት ምን የሚሉት ነው? እያጉረመረመች አንዲት ጭራሮ ጎትታ ወጣች።

ስትደርስ ገሉ በአጋዘን ቆዳ ተሸፍኖ ከፍ ያለ መደብ ላይ ተቀምጧል። እንስሳቱ ዙሪያውን እየዘፈኑ ይሰግዳሉ። ጉጉት፣ ሰባት ቀን ያልጾመ ቆዳውን እንዳይነካ ደንብ አውጥቷል። ሰባት ቀን የጾመ ደግሞ መደቡ ላይ የሚወጣበት ጉልበት የለውም።

ድብ መንገዷን ዘጋና ማን እንደሆነች ጠየቃት። እሳቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ አለችው።

ድብ ሳቀ። "እትዬ፣ እሳት ያመጣችውማ በዘፈናችን ተራራ ታክላለች። አንቺ ጥፍሬን አታክይም።"

ትታቸው ልትሄድ ዞር ስትል እናት ጥንቸልን አየች፤ ልጇን ደረቷ ውስጥ ወሽቃ በትንፋሿ ታሞቀዋለች። ሸረሪት ተመለሰች።

"የኔን ቁመት ተወውና፣ ጋሽ ድብ፣ አንድ ነገር ንገረኝ። እሳት ላይ ያለበሳችሁት ቆዳ እስከ ዛሬ እንዴት ሳይቃጠል ቀረ?"

ጉጉት ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ተአምር ነው አለ።

እናት ጥንቸል ግን አልጠበቀችም። ዘላ ወጥታ ቆዳውን ገፈፈችው። አመድ ነበር፤ ያውም የቀዘቀዘ። ጉጉት ወዲያው አመዱን ለበረከት እንካፈል ማለት ጀመረ።

ሸረሪት ገሉን አራግፋ፣ ባረጀ ጉልበቷ እንደገና አዘለችው።

"አንቺ እህቴ፣ እንጨት ሰብስበሽ ጠብቂኝ" አለቻት ጥንቸልን። "እነዚህን ተያቸው፣ ይዝፈኑ።" እና ወደ ውኃው ወረደች።

ያወረሱንን ማመስገን ደግ ነው፤ እሳት ግን በእንጨት እንጂ በምስጋና አይነድም። የማንነካው ነገር ሁሉ ከብሮ ይቆይልናል ብለን ሸፍነን ስንሰግድለት፣ ከሥር ስንቱ አመድ ሆኗል? እስቲ እናንተም ቤት ያለውን ገለጥ አድርጉና በእጃችሁ ዳብሱት። ይሞቃል?