በመርፌ የተጫረችው ሳንቲም

በግንብ በተከበበች አንዲት አሮጌ ከተማ፣ ከመስጂዱ በር ፊት ለፊት፣ የመታሰቢያ ሳንቲሞችን ለሰብሳቢዎች የሚሸጡ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። ሉባባ ወደ ሱቃቸው የገባችው ግን ሐቀኝነታቸውን ሰምታ አልነበረም፤ ቸግሯት ነው። የሟች ባሏን ሱቅ ሸሪኮቹ አታለው ከወሰዱባት ወዲህ ሰው የሚባል አታምንም። ክረምቱ ደርሷል፣ የቤቷ ጣሪያ ያፈሳል፣ የቀራት ባሏ የተወላት አንዲት ከብር የተሠራች የመታሰቢያ ሳንቲም ብቻ ናት።

ሐጂ ሳንቲሟን ጠርዟን በጨርቅ ይዘው በአጉሊ መነጽር አገላብጠው አዩዋት።

«ማሻአላህ! ከተቀረጸች ጀምሮ እጅ አልነካትም። አንደኛ ደረጃ ናት» አሉና ጣሪያ አስለውጦ የሚተርፍ ዋጋ ጠሩ። «ገንዘቡን ለነገ አዘጋጃለሁ። እስከዚያ እዚሁ ትቀመጥ?»

ሉባባ ክው አለች። እዚሁ? ሊለውጡብኝ ነው! ሳንቲሟን መንጭቃ ወጣች። ቤቷ እንደገባችም መርፌ አነሳችና፣ ቢለውጡብኝ እንኳ የማውቅበት ብላ ቀጭን ምልክት ጫረችባት። አንዲት ጭረት የሳንቲሟን ደረጃና ዋጋ እንደምትጥል በምን ትወቀው!

በማግስቱ ሳንቲሟን ይዛ ተመለሰች። ሐጂ መነጽራቸውን ገና ከማስጠጋታቸው ጭረቷን አዩ።

«ልጄ፣ ይህች ጭረት ትናንት ነበረች?»

ዋጋ ሊቀንሱ ፈልገው ነዋ፣ አለች በልቧ። «ወላሂ ነበረች!» ምላሷ ቀደማት።

«እንግዲያው ዓይኔ ስቷል። የዓይኔን ጥፋት እኔ እከፍላለሁ» አሉና የጠሩትን ሳያጎድሉ ሰጧት። ከዚያ ሳንቲሟን ከመሸጫ ሣጥናቸው መስታወት ስር ጭረቷን ወደ ላይ አድርገው አስቀመጧት፤ «ጭረት አለባት፣ የብሯን ክብደት ዋጋ ብቻ ታወጣለች» ብለውም አጠገቧ ጻፉ።

ሉባባ ገንዘቡን በሻሿ ጫፍ እየቋጠረች ይህን አየች። ተንኮል ፈለገች፤ አጣች። ገንዘቡን መልሳ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

«ሐጂ፣ አውፍ ይበሉኝ! በመርፌ የጫርኳት እኔ ነኝ። ይለውጡብኛል ብዬ ነው። በሐሰት ማልኩ!» ብላ አለቀሰች።

ሐጂ ገንዘቡን ወደ እሷ ገፉት። «ለጣሪያሽ ሰደቃ ይሁን። ለመሐላሽ ተውበት አድርጊ፤ አላህ ይቅር ባይ ነው።»

«እኔን አልጠረጠሩኝም?»

«ሰውን ከምጠረጥር ዓይኔን ብጠረጥር ይቀለኛል» አሉ።

ወገኖቼ፣ ልብ በሉ። የሉባባን ሀብት ያበላሸው የፈራችው ሌባ ሳይሆን የገዛ መርፌዋ ነው። ሐጂ ደግሞ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ነበራቸው፤ ግን ከራሳቸው ጀመሩ። እኛስ? ከሰላት ወጥተን ጫማችንን ካጣን መጀመሪያ የምናየው የጎረቤታችንን እግር ነው። ጫማው ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው እኛው በገባንበት፣ በረሳነው በር ላይ ነው።