የቅርጫ ትምህርት

አንድ ጊዜ በአንድ የወንዝ ዳር ጫካ ውስጥ፣ አንዲት ጥያቄ ለዓመታት በሆዷ ይዛ የኖረች ሚዳቋ ነበረች። ጥያቄዋም «ልጆቻችን ተምረው ሲጨርሱ ምን እንዲችሉ ነው የምንፈልገው?» የምትል ነበረች። ሚዳቋ የጫካው ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። ዓይን አፋር ስለሆነች ጥያቄዋን የምታነሳው በዓመት አንዴ፣ የትምህርቱ ዕቅድ በሚወጣበት ስብሰባ ላይ ብቻ ነው፤ ያውም ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

በዚያ ዓመትም አንበሳ ሰብሳቢ ሆኖ ከዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። ሚዳቋ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ጥያቄዋን አነሳች። «አምና ምንጩ ሲደርቅ ልጆቹ ወደ ወንዝ ወርደው አንዳንዶቹን አዞ በላብን። ዘንድሮም በጋው አይቀርም» አለች።

«ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በልዩ ልዩ ይታያል» አለች ቀበሮ።

ጅብ ብድግ አለ። «ምን ያጨቃጭቀናል? ትምህርቱን እንደ ቅርጫ ሥጋ እንካፈለው። ለእያንዳንዱ ቤት እኩል መደብ ይድረሰው፤ ማንም አይቀየም።»

«አያ ጅቦ፣ በቅርጫ እኮ መጀመሪያ በሬው ይመረጣል» አለች ሚዳቋ። «እኛ የትኛው በሬ እንደሚታረድ እንኳ አልተነጋገርንም።»

«በሬ አለ እንዴ?» አለ ጅብ ግራና ቀኙን እያየ።

ሁሉም ሳቁ፤ ክፍፍሉም ጸደቀ። ለአንበሳ ማግሳት፣ ለጅብ አጥንት መቆርጠም፣ ለአህያ ሸክም ደረሳቸው። አከፋፋይዋ ቀበሮ ግን «የቀበሮ ብልሃት» እና «የቀበሮ ታሪክ» ብላ ሁለት መደብ ወሰደች። ልዩ ልዩ ላይ ሳይደረስ መሸና ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ።

በጋው ገባ፤ ምንጩም ደረቀ። ልጆቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ ወንዙ ሲወርዱ፣ ከሁሉም ፊት የቀደመው ከክፍሉ አንደኛ የወጣው የአህያ ውርንጭላ ነበር። ሚዳቋ ልቧ አላርፍ ብሏት ከኋላ ተከተለቻቸው። ውርንጭላው አንገቱን ወደ ውሃው ዝቅ ሲያደርግ፣ አጠገቡ የተንሳፈፈው ግንድ ዓይኑን ገለጠ።

ሚዳቋ ዓይን አፋርነቷን ረስታ ጫካው እስኪያስተጋባ ጮኸች። ውርንጭላው ዘሎ አመለጠ፤ የጭራው እኩሌታ ግን በአዞው አፍ ውስጥ ቀረ።

«እትዬ፣ ማግሳት ተምሬያለሁ፤ አጥንት መቆርጠምም ተምሬያለሁ» አለ ውርንጭላው። «ይሄኛው በየትኛው መደብ ነበር?»

ሚዳቋ ልጆቹን ይዛ ወደ ዋርካው ተመለሰች።

ወዲያው አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። «አሁንስ ይገባቸዋል» ብላ ሚዳቋ ተስፋ አደረገች።

«ለአዞም አንድ መደብ ይጨመር» አለ ጅብ።

«ማን ያስተምረዋል?» ሲል አንበሳ ጠየቀ።

«ራሱ አዞው ነዋ» አለች ቀበሮ። «ከሱ የተሻለ ባለሙያ ከየት ይመጣል?»

ሚዳቋ ወደ ውርንጭላው እናት ዞረች። እናቲቱ የልጇን ቁስል እየላሰች ነበር። «ይጨመር፤ ብቻ ከእኔ ሸክም ላይ እንዳይቀነስ» አለች።

ሚዳቋ ይህን ስትሰማ ትዕግሥቷ አለቀ። ልዩ ልዩን ሳትጠብቅ ተነሥታ ልጆቹን ሰበሰበችና ወንዙን ቁልቁል ከሚያሳየው ጉብታ ላይ አስቀመጠቻቸው። «ውሃ ጠጥተን በሰላም የምንመለሰው እንዴት ነው?» ስትልም ጠየቀቻቸው። ከዚያ ወደ ትልልቆቹ ዞራ፣ ድምጿን ሳትቀንስ፣ «ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚረዳ ነገር ያለው ይምጣና ያስተምር። የሌለው ተራውን ይጠብቅ» አለች።

ከዚያ አህያ ሸክሙን ትታ፣ ጆሮን አቁሞ ኮሽታ ማዳመጥን ልታስተምር መጣች። ጅብም እያጉረመረመ፣ የአዞን ጠረን ከሩቅ መለየትን ሊያሳያቸው ተከተላት። አንበሳ እንኳ፣ አደጋ ሲመጣ እንዴት አግስቶ ሌላውን እንደሚያስጠነቅቅ ለማስተማር ወረፋ ያዘ።

«የእኔ ሁለት መደብስ?» አለች ቀበሮ።

«በልዩ ልዩ ይታያል» አለቻት ሚዳቋ።

ከዚህ የምንማረው፣ ልጆች ምን እንዲችሉ እንደምንፈልግ አስቀድመን ሳንጠይቅ የምናከፋፍለው ትምህርት ለተከፋፋዮቹ እንጂ ለልጆቹ እንደማይደርስ ነው።