ማኅተሙን ይዞ የተሻገረ ሰው

አንድ ማኅተም ያዥ ነበረ። ቆይ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም፤ መጀመሪያ ይህን ስሚ።

ሰውየው በአንድ ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ክቡን ማኅተም የሚይዘው እሱ ነው፤ ደብዳቤ የጻፈ ሁሉ፣ ዲኑም ሳይቀር፣ መጨረሻው እሱ ዘንድ ነው። ቢሮው መስኮት የለውም። ቤቱ መስኮት ነበረው፤ ግን ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አልከፈተውም። ስለዚህ በቀን ውስጥ ጋሼ የሚለው ሰው ቢኖር ወረቀት ይዞ የመጣ ብቻ ነበር።

አንድ ጊዜ ማስታወቂያ ወጣ። የፈለገ ሠራተኛ ሁሉ፣ ደሞዙና መደቡ ሳይነካ፣ አራት ወር ሌላ ክፍል ገብቶ ሥራ ይለማመድ ተባለ። የደረቁ ዕፅዋት ክፍል ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ከሁለቱ የተሻለው እዚያው ይቀራል። ያ ክፍል በሦስት በኩል መስኮት ነው። ሥራው ቅጠል በጋዜጣ መሐል አድርቆ፣ ወረቀት ላይ አጣብቆ፣ ስሙን ከሥሩ መጻፍ ነው። የሰውየው የእጅ ጽሑፍ ደግሞ ያማረ ነው። ጡረታ ለመውጣት ሰባት ዓመት ቀርቶታል፤ ሰባቱን ዓመት እዚያ ብርሃን ውስጥ ቢጨርስ ሌላ የሚፈልገው አልነበረም።

አመለከተ፤ ተፈቀደለት። ታዲያ ርክክቡ ላይ ምን አደረገ? አለቃውን «ለአራት ወር ብለን ወረቀት ከምናበዛ ማኅተሙ እኔው ጋ ይሁን። ግቢ ነው የምሻገረው፤ የፈለገ ይመጣል» አለው። አለቃውም ቅጽ መሙላት የሚያስጠላው ሰው ነበርና «ይሁን» አለ።

በአፉ ሥራ እንዳይበደል ነው አለ። የሆዱን ግን እኔ ልንገርሽ፦ ማኅተሙን ከሰጠሁ ማን ይፈልገኛል ብሎ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ የዕፅዋቱ ክፍል በር ላይ ሰልፍ ሆነ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ነፋስ ይገባል፤ የደረቀው ቅጠል ከጠረጴዛው ይበናል። ሁለተኛዋ ተለማማጅ ከተማሪዎች ምግብ ቤት የመጣች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ሽንኩርት ስትከትፍ የኖረች ሴት ነበረች። እሷ ናት እየተንበረከከች የምትለቅመው። እሷን ብሎ የመጣ አንድም ሰው የለም፤ ቀኑን ሙሉ ቅጠሏ ላይ አቀርቅራ ትውላለች። ሰውየው አዘነላት እንጂ! «ምስኪን፣ ጠያቂም የላት» አለ በልቡ፣ ማኅተሙን ቀለም እያስነካ።

የክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ እታገኝ ሁለት ወር ተኩል ታገሠች። አንድ ቀን ሰውየው ከቁም ሳጥኑ ኋላ ጋዜጣ ሲፈልግ፣ አንድ የሒሳብ መምህር አንገቱን በበሩ አስገባ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጋሼ እያለ ጉንጩን ሲስመው የኖረ መምህር ነው።

«ማኅተሙ አለ?» አለ።

«ማኅተሙስ አለ» አለች ወይዘሮ እታገኝ። «ሰውየው ነው እስካሁን ያልመጣ።»

መምህሩ ነገሩ አልገባውም። «እሱማ ባይመጣም ግድ የለም፤ ያንን ከጠረጴዛው ላይ ቢያቀብሉኝ ይበቃኛል» አላት።

ሰውየው ከቁም ሳጥኑ ኋላ ሁሉንም ሰማ። ወጣና የመምህሩን ወረቀት መታለት፤ መምህሩም ቀና ብሎ ሳያየው ሄደ። ከዚያ ሰውየው ኮቱን ለበሰ። ግቢውን ተሻገረ፣ አለቃውን ከወንበሩ አስነሣ፣ ቅጹን አስሞላ፣ ማኅተሙን ለሌላ ሰው አስረክቦ ፈርሞ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ማንም አልመጣም። ማንም ስልሽ ማንም። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ በሰማ ቁጥር ቀና ይላል፤ ኮቴው ያልፋል። በሠራተኞች ክበብ ምሳውን ይዞ ሲቀመጥ፣ ፊት ለፊቱ ያለው ወንበር ለሌላ ጠረጴዛ ይወሰዳል፤ «ሰው አለው እንዴ?» ብሎ የሚጠይቀው እንኳ የለም። ሥራውም አልሆነለትም። እጁ ተጭኖ መምታት የለመደ ነውና ቅጠሉን ይሰብረዋል።

«ቀስ ይበሉ፣ ጋሼ፤ ደብዳቤ መሰለዎት?» ትለዋለች የምግብ ቤቷ ሴት። «እንደ ሽንኩርት ስስ ልጣጭ ነው። ከጫፉ አይጎትቱት፤ ከሥሩ ጣትዎን ሰደድ ያድርጉና ያንሡት።»

ሰበረ፣ ሰበረ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ቀና ሲል ሁሉም ወደ ቤቱ ሊሄድ ተነሥቷል። አንድም ኮቴ አልሰማም ነበር። በዚያ ቀን አሥራ አንድ ቅጠል ሳይሰበር አጣብቋል።

አራቱ ወር ግን ሊያልቅ ቀናት ቀርተውት ነበር። ቦታው ለሴትየዋ ተሰጠ። ወይዘሮ እታገኝ አልሸነገለችውም፤ «ጋሼ፣ እጅዎ የለሰለሰው ገና አሁን ነው። የመጡ ዕለት መጥተው ቢሆን ኖሮ እኔም በተቸገርኩ፣ ማንን ልምረጥ ብዬ» አለችው። ወደ መስኮት አልባው ቢሮ ተመለሰ። ሰልፈኛው «እንኳን በደህና መጡ!» እያለ ወረቀቱን ዘረጋለት። «የት ከርመው ነው?» ያለው ግን አልነበረም።

እንግዲህ ወደ አንቺ ልምጣ። «ላቦራቶሪ ሄጄ ልለማመድ፤ ግን እንዳይረሱኝ ጧት ጧት የምሠራበት ፈተና ክፍል ብቅ እያልኩ፣ የክፍሉንም ስልክ ይዤ ክፍት አድርጌ ብሠራ ምን ይጎዳል?» ነው ያልሽኝ። ይኸው ይህን ይጎዳል። ያ ሰው ሁለት ወር ተኩል ሙሉ ከክፍሉ አልጎደለም፤ ግን ገብቶበትም አያውቅም። አንቺም በአካል ላቦራቶሪ ተቀምጠሽ በጆሮሽ ፈተና ክፍል ልትውዪ ነው። ጧት ብቅ የምትዪውም ለእነሱ ሥራ አዝነሽ አይደለም፤ «ያለ አንቺ አልቻልንም» ሲሉሽ ለመስማት ነው።

ይረሱሻል፤ ልዋሽሽ አልችልም። ሳምንት አይፈጅባቸውም። አዲሱ ቦታ ደግሞ ገና አያውቅሽም። በመሐሉ ያለው ጊዜ ከባድ ነው፤ ማንም የማይጠራሽ፣ እጅሽም የማይታዘዝሽ ጊዜ ነው። ወደ አዲሱ ቦታ የሚያስገባሽ በር ግን እሱ ብቻ ነው። ሰኞ ስትሄጂ የፈተና ክፍሉን ቁልፍም ስልክም አስረክበሽ ሂጂ። ሆድ ከባሰሽ አልቅሺ፣ ነውር የለውም። ብቻ እዚያው አዲሱ ወንበርሽ ላይ ቁጭ ብለሽ አልቅሺ።