ፓምፑን ለሌላ እጅ የተወ ሰው

«በአንዲት የቆላ ከተማ የውሃ ፓምፕ የሚያንቀሳቅስ አንድ ሰው ነበረ» ብለው ጀመሩ ጋሼ ድንበሩ። በሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የእህታቸው ልጅ ስንዱ በአንድ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ሆና ከተሾመች ገና ወሯ ነው። የመጣችው ጥያቄ ይዛ ነበር፦ «አንድ ሠራተኛ ‹የዓመት ፈቃዴን አልፈልግም፣ ሥራዬ ላይ ልሁን› አለኝ፤ ውጣ ብዬ የማስገድደው ለምንድን ነው?» እሳቸውም እንዲህ ሲሉ ነገሯት።

ሰውየው በሥራው እንከን አይወጣለትም ነበር። ፓምፑ ከወንዝ ዳር ሆኖ ውሃውን ኮረብታ ላይ ወዳለው ማጠራቀሚያ ይገፋል፤ ከተማው በሙሉ፣ ሆስፒታሉም ጭምር፣ ውሃ የሚያገኘው ከዚያ ነው። ሰውየው የሞተሩን ጤንነት በድምፁ ያውቃል። አሥራ አንድ ዓመት ሲሠራ አንድም ቀን የዓመት ፈቃድ አልወጣም። አለቆቹ በየስብሰባው ያመሰግኑት ነበር፤ እሱም ይኮራበት ነበር።

ከዚያ አዲስ ኃላፊ መጣች። የሠራተኞቹን ማኅደር ስታገላብጥ የእሱ የፈቃድ ገጽ ባዶውን አገኘችው፤ አስጠራችው።

«ከዛሬ ሳምንት ጀምሮ ፈቃድ ይወጣሉ» አለችው። «በአገልግሎት ዘመንዎ መሠረት ለዘንድሮ የሚደርስዎ ሃያ አንድ የሥራ ቀን ነው።»

«በገንዘብ ይለወጥልኝና ልሥራ።»

«ሕጉ ይከለክላል። ሥራ ላይ ያለ ሰው ፈቃዱን አይሸጥም። ትቼዋለሁ ብለው ቢፈርሙልኝ እንኳ ፊርማዎ ዋጋ የለውም።»

«ውሃው ቢቋረጥስ?» አላት።

«የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለችው፤ ይህንኑ በደብዳቤው ላይ ጽፋ ፈረመችበት።

በምትኩ የተመደበችው ስምንት ዓመት በቧንቧ ጥገና የሠራች ሴት ነበረች። አንድ ሳምንት አብራው ዋለች። ሰውየው ማብሪያና ማጥፊያውን አሳያት፤ ስለ ድምፁ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። ለሚስቱ የነገራት እንዲህ ብሎ ነው፦ «ውሃው ከተቋረጠ ሕዝቡ ይጠማል። ካልተቋረጠ ደግሞ እኔ ለካ አላስፈልግም ነበር።»

«እና ሁለቱንም እየፈራህ ልትኖር ነው?» አለችው ሚስቱ።

ሦስት ቀን ቤቱ ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን አልቻለም፤ ልብሱን ለብሶ ወደ ወንዙ ወረደ። ደጋው ላይ ዘንቦ ስለነበር ወንዙ ደፍርሶ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ይወርዳል። አጥሩ ጋ ሲደርስ ድምፁን ሰማ። ሞተሩ ጠጠር እንደሚፈጭ ወፍጮ ይንገጫገጫል። ወዲያው ገባው፤ የመሳቢያው ቧንቧ ወንፊት በቅጠል ተደፍኖ ፓምፑ አየር እየሳበ ነው። እንዲያ እየሠራ ከቆየ ፓምፑ ይሰበራል።

ዘበኛው አየውና ወደ መቀርቀሪያው ሄደ። «ይግቡ እንጂ፣ ማን ይከለክልዎታል?»

ሰውየው የአጥሩን ሽቦ ጨብጦ ቆመ። አሁን ብገባ ፓምፑ ይድናል፤ ግን ያቺ ሴት ከእንግዲህ ጆሮዋን አታምነውም፣ እኔም ከዚህ በር አልርቅም ብሎ አሰበ። ባልገባና ቢሰበርስ? ሰዓቱን አየ። ለራሱ አሥር ደቂቃ ሰጠ።

«አትክፈት» አለው ዘበኛውን።

እስከ ስድስተኛው ደቂቃ ላቡ በጀርባው ወረደ። ከዚያ ሞተሩ ጠፋ። ሴትዮዋ ወጣች፤ ወደ ወንዙ ወርዳ ቧንቧውን በሰንሰለት ጎትታ አወጣች፣ ቅጠሉን በእጇ እየቦጨቀች ጣለች። ተመልሳ አየሩ እንዲወጣ ፓምፑን በባልዲ ውሃ ሞላችና አስነሳችው። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ።

ሰውየው ሽቦውን ለቀቀ። ደስታ ይሁን ኀዘን ራሱም አልለየውም። ሳታየው ቤቱ ተመለሰና ተኛ፤ ሚስቱ ታመመ እስክትል ድረስ ተኛ።

የቀረውን ቀን የት እንዳዋለው ልንገርሽ። እናቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ያኔ ሕጉ ሦስት የሐዘን ቀን ቢሰጠውም፣ እሱ ከቀብር መልስ የሄደው ወደ ፓምፑ ነው። አሁን ወደ መንደሯ ሄደ። ከእህቶቹ ጋር ተቀምጦ ያኔ ያላለቀሰውን አለቀሰ፤ ስለ እናቱ የማያውቀውን ብዙ ነገር ሰማ።

ሥራ በገባ ዕለት ሴትዮዋን ጠየቃት። «ያን ቀን ድምፁን እንዴት አወቅሽው?»

«አላወቅኩትም» አለች። «ደስ አላለኝም፤ ስለዚህ አጠፋሁት። እርስዎ ግን በምን ሰሙ?»

«አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር።»

«ቆመው አልገቡም?»

«አልገባሁም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የደበቃትን ሁሉ አስተማራት። እሷ ፈቃድ ስትወጣ እሱ ይሸፍናል፤ እሱ ሲወጣ እሷ። ውሃውም አልተቋረጠም።

ጋሼ ድንበሩ ይህን ብለው ወደ ስንዱ ዞሩ።

«ያ ፈቃዴን አልፈልግም ያለሽ ሠራተኛ እንደዚህ ሰው ነው፤ ሥራውን ይወዳል፣ ይፈራልም፤ የትኛው እንደሚያስቀረው ራሱም አይለየውም። ሕጉ ፈቃድ አይሸጥም፣ አይተውም ያለው ለዚህ ይመስለኛል፤ የደከመና የፈራ ሰው የራሱን ዕረፍት በትክክል አይመዝንም። ብዙ አለቃ አይቻለሁ፤ ያቺን ኃላፊ የማደንቃት የምጠየቀው እኔ ነኝ ብላ ስለፈረመች ነው። ሰውየውን ግን ከሁሉም አብልጬ አደንቀዋለሁ፤ በሩ እየተከፈተለት አልገባም። አንቺም ሰውሽን ውጣ ስትይው፣ አጥር ይዘህ ቁም እያልሽው ነውና ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ።»

«እንግዲያው ነገ ደብዳቤውን ልጻፍለት» አለች ስንዱ።

«መጀመሪያ ማን እንደሚተካው ከእሱ ጋር አብራችሁ ምረጡ» አሉ። «ከዚያ ጻፊው። ከታች ደግሞ ምን ብለሽ እንደምትፈርሚ ታውቂያለሽ።»