ደምሰው፣ ሚኒባሱና ሦስቱ መካኒኮች

በአንድ ወቅት፣ መኪና ሁሉ ሆዱ ውስጥ ኮምፒውተር ይዞ መዞር በጀመረበት ጊዜ፣ ደጀን ከተማ ውስጥ ደምሰው የሚባል ፈሪ ሹፌር ነበረ። ፈሪ ስላችሁ ሰነፍ እንዳይመስላችሁ። ሰው አክባሪ ነው፤ ከገበያ ገበያ ሲያመላልስ አንዲት ዶሮ እንኳ ገጭቶ አያውቅም። የዓባይ በረሃን ቁልቁለት ሲያይ ግን ተሳፋሪውን ለሌላ ሹፌር አሳልፎ ይሰጣል። መንገዱንማ ታውቁታላችሁ፤ በአንድ ጎኑ ድንጋይ፣ በሌላው ጎኑ ባዶ ሰማይ ነው።

ይህ ደምሰው ወንድ ልጅ ተወለደለት። ክርስትናው የሚነሳው ከወንዙ ማዶ፣ በደምሰው አባት አገር ነው፤ ድግሱ ተደግሷል፣ ዘመድ ተሰብስቧል፣ አርባ ቀኑም ነገ ጎህ ሲቀድ ይሞላል። የጠፋው የክርስትና አባት ብቻ ነው። እሱ ጓደኛዬ ይሁን ይላል፤ ሚስቱ አትጠገብ ደግሞ አጎቴ ካልሆነ ትላለች። አርባ ቀን ሙሉ ተጨቃጭቀው አንዳቸውም አልረቱ።

እናላችሁ፣ በዋዜማው ጠዋት ሚስቱንና ሕፃኑን አሳፍሮ ተነሳ። ከከተማው ጫፍ፣ መንገዱ ወደ ታች መታጠፍ ከሚጀምርበት ሲደርስ ሚኒባሱ ሳል ሳል አለውና ጠፋ። አስነሳው፤ ተነሳ። መቶ እርምጃ ሄዶ ደግሞ ጠፋ። የደምሰው ሸሚዝ ከጀርባው ተጣበቀ።

ይህ ሰውዬ ከሚስቱ የደበቀው ነገር ነበረው። ከሁለት ወር በፊት መሪው ፊት ለፊት አንዲት ቢጫ መብራት በርታ አልጠፋም ብላ ነበር፤ ያቺ ሞተር የምትመስለዋ። ጋቢና የተቀመጠ ተሳፋሪ ሁሉ «ይቺ ምንድን ናት?» እያለ ሲያስጨንቀው፣ አንድ አላፊ መካኒክ አምፖሏን ነቅሎ ሰጠው። መብራቷ ጠፋች፤ ደምሰውም በሽታው አብሮ የጠፋ መሰለው።

እዚያው ገደሉ አፋፍ ላይ የሦስት ወንድማማቾች ጋራዥ ነበረች። ሚኒባሱን ገፍተው አስገቡት።

ታላቁ ምንይችል ይባላል። የሱ ስጦታ ጆሮው ነው። የካቻቢቴውን ብረት ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጠው ማለት ነው። ብዙ አዳመጠ። በዚህ መሃል ሞተሩ ቀዝቅዞ ኖሮ፣ እንደገና ሲያስነሱት እንደ ድመት ማንኮራፋት ጀመረ። አትጠገብ ይኸው ደህና ነው፣ እንሂድ አለች። ደምሰውም ከጋራዥ በቶሎ መውጣቱን ወደደ፤ ስለ አምፖሏ እንዳይጠየቅ ፈርቷላ። ምንይችል ግን እጁን በመስኮት አስገብቶ ቁልፉን ነቀለና ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«ይሄ ሞተር ሲሞቅ ትንፋሹ ይቆረጣል። የሚሞቀው ደግሞ ታች በረሃው ውስጥ ነው» አለ።

አትጠገብ ያላለችው የለም። መካኒክ ሁሉ ደህናውን መኪና አልጋ ላይ ካላስተኛ እንጀራ አይበላም አለችው፤ የልጄን አርባ ቀን ልታሳልፍብኝ ነው አለችው፤ ጥርስህ ይርገፍ ማለት ብቻ ነው የቀራት።

«ስደቢኝ እህቴ፤ ቁልፉ ግን እኔ ዘንድ ነው» አለና፣ ኮቱን ሚስማሩ ላይ ሰቅሎ እናትና ልጅን የሚያሻግር አውቶቡስ ሊለምን አስፋልቱ ዳር ቆመ። የበዓል ሰሞን ነውና ያለፈው ሁሉ ጢም ብሎ የሞላ ነበር።

መካከለኛው ፈንታሁን ነው። የሱ ስጦታ ማንበብ ነው። እንደ ዳዊት በጨርቅ ጠቅልሎ የሚይዛት ትንሽ ኮምፒውተር አለችው፤ ገመዷን ከመሪው ሥር ሰካና ጣቱን እያስኬደ አነበበ። የሞተሩን መዞር የሚቆጥረው ሴንሰር ድምፁ እየተቆራረጠ ነው አለ። ከዚያ ቀና ብሎ መሪው ፊት ያለውን ሰሌዳ አየ።

«ደምሰው፣ የዚች መብራት አምፖል የት ሄደች?»

ደምሰው መሬት መሬቱን አየ። አትጠገብ ደግሞ ደምሰውን አየችው። ያገባ ሰው ያንን አስተያየት ያውቀዋል።

ፈንታሁን ሥሩ ተንጋሎ ገባ። የሴንሰሩ ሽቦ የጋለ ቱቦ ላይ ተኝቶ ቀልጧል። የተቃጠለውን ቆረጠ፣ ደህናውን ከደህናው አሰረ፣ በፕላስተር ጠቀለለ። አዲስ ሽቦ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ቀን ነው። «አስሬዋለሁ እንጂ አልምልም። ቀስ ብላችሁ ውረዱ» አለና፣ ታላቁ ጀርባውን እንደሰጠ ከኮቱ ኪስ ቁልፉን አውጥቶ ለደምሰው ሰጠው።

ደምሰው ቁልፉን ይዞ ቀረ። ልግባ ወይስ ልቅር? አንድ እግሩ መኪናው ላይ፣ አንዱ መሬት ነው።

ታናሹ የኔሰው ነው፤ ትንሽ እንዳይመስላችሁ፣ የሁለት ልጆች አባት ነው። ጆሮውም ንባቡም የለውም። ያን ገደል ግን ስሚንቶ ጭኖ ስድስት ዓመት ወርዶታል፤ የሱ ስጦታ አለመደንገጥ ነው። ደምሰውን አየውና፣ «እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ። ግባ፣ ምንም አትሆንም» አለው። ደምሰው ይህችን ቃል ሰምቶ ገባ። ሞተሩ ሲነሳ ምንይችል ከአስፋልቱ ዳር ዞረ፤ እጁን እያወናጨፈ ሮጠ፣ አልደረሰባቸውም።

ወረዱ። አንደኛው ኩርባ ደህና። ሁለተኛው ደህና። ወደ ታች በሄዱ ቁጥር ሙቀቱ በመስኮት እንደ ምድጃ ይገባል። ደምሰው ሞተሩን እንጂ መንገዱን አይሰማም፤ ጎማ ጠጠር ሲረግጥ ልቡ ዘለለች፣ ሕፃኑ ሲያስነጥስ ልቡ ዘለለች። ከኋላ አትጠገብ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

አምስተኛው ኩርባ ላይ ሞተሩ ጠፋ።

ሳልም አልነበረው፤ ዝም አለ። ደምሰው በድንጋጤ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረገጠው፤ መኪናው ከማርሽ ተለቀቀና ፍጥነት ጨመረ። መሪው ከበደው። ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ መታው፤ ሦስተኛው ላይ ድንጋይ የረገጠ መሰለው። ፊቱ ሰማይ ብቻ ነው። የጮኸችው አትጠገብ ናት።

«እመቤቴ ስሚኝ! ልጄን ከዚህ ላወጣልኝ ሰው ልጄን እሰጠዋለሁ፤ የክርስትና አባቱ እሱ ነው!»

የኔሰው የእጅ ፍሬኑን ቀስ፣ ቀስ እያደረገ ሳበ። በሌላው እጁ ሁለተኛ ማርሽ ከተተ።

«ደምሰው፣ እግርህን ከፍሪሲዮን አንሳ።»

አላነሳም። እግሩ የሱ አልነበረም።

«አንተ የልጅ አባት፣ እግርህን አንሳ አልኩህ።»

አነሳ። ሚኒባሱ እንደተያዘ በቅሎ ተንገጫገጨ፤ ሞተሩ በጎማው ኃይል ተጎተተ፣ አጓራ፣ ነፍስ ዘራ። ፍሬኑም ለስልሶ ይይዝ ጀመር። ከገደሉ ዳር ሁለት ክንድ ሲቀር ቆሙ። ወርደው ኮፈኑን ሲከፍቱ የፈንታሁን ቋጠሮ ላልቷል፤ አልተበጠሰም። ላልቶ ነው ሞተሩን ያጠፋው? ወይስ ላልቶም ቢሆን በመያዙ ነው ሞተሩ የተነሳው? እዚያ የነበረ ሰው አልለየውም። የኔሰው አጥብቆ አሰረው፤ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀው፣ ቀሪውን መንገድ እንደ ቀብር ሰልፈኛ ቀስ ብለው ወርደው ወንዙን ተሻገሩ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የኔሰው ከነዘይት ልብሱ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነበረ። ሊነጋጋ ሲል ሁለቱ ወንድሞቹ ደግሞ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከጭነት መኪና ላይ ወረዱ፤ ሰዎቹ በሕይወት መድረሳቸውን በዓይናቸው ካላዩ እንቅልፍ አልወስድ ብሏቸው ነው። የስለቱ ወሬ ከነሱ ቀድሞ ደርሷል። ስለት ደግሞ እንደ ዳቦ አይቆረስም፤ ለአንድ ልጅ አንድ የክርስትና አባት ነው።

ምንይችል፣ ቁልፉን ባልይዝ ሽቦው ሳይታሰር ትወርዱ ነበር፤ ያኔ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ማን ያስነሳው ነበር አለ። የአትጠገብ ዘመዶች፣ ባንተ ቢሆን ልጁ ዛሬ ደጀን ነበር፣ አርባ ቀኑም ያልፍ ነበር አሉት። ፈንታሁን፣ በሽታውን ያገኘሁት እኔ፣ ያሰርኩትም እኔ አለ። ቋጠሮህ ላልቷል፣ ቁልፉንም ሰርቀህ ነው የሰጠኸው አሉት። የኔሰው እጁን ብቻ አሳያቸው፣ የእጅ ፍሬኑ የላጠውን። «ምንም አትሆንም» ያልከው አንተ አይደለህም ወይ፣ ባትለው መች ይገባ ነበር አሉት።

አባ ውሃውን ባርከው ጨርሰዋል። የክርስትና አባቱ ማን ነው ብለው ደምሰውን ጠየቁት። ደምሰው ያቺን አምፖል አሰበና፣ እኔ ፈራጅ ልሆን ነው ወይ ብሎ ወደ ሚስቱ አየ። አትጠገብም ሕፃኑን ከነመታቀፊያው ዘረጋች፤ ሦስት ሰዎች ባንድ ጊዜ እጃቸውን ዘረጉ፣ የእሷ እጅ አየር ላይ ቀረ።

እንግዲህ ልጁ ብርዱ ገብቶት ማልቀስ ጀምሯል፤ አባም ቸኩለዋል። ቁልፉን የያዘው፣ ሽቦውን ያሰረው፣ አብሮ የወረደው፤ እናንተ በእናቲቱ ቦታ ብትሆኑ ለማን ታሳቅፉት ነበር?