እትዬ አሰገደች ያልተነሳችው ፎቶ

ዝዋይ ሐይቅ ዳር፣ ሰው አጠገቡ ያለውን ትቶ ማዶ ማዶ ሲያይ የሚሉት ነገር አላቸው። ዛሬ ከሚተርቱት ውስጥ ከየት እንደመጣ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። መጀመሪያ የተነገረው ግን አንድ ለቅሶ ቤት፣ ከድንኳን ጀርባ ነው።

ስንሻው ጀልባ ነጂ ነበር። የሐይቁን ዓሣ ሲያጠና የከረመ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ፣ ለውለታው ብሎ ካሜራውን ከነፊልሙ ሰጠው። ካሜራው ኪስ የሚገባ ትንሽ ነገር ነው፤ ቁልፉን ሲጫኑት ግን ሌንሱ ዝዝዝ እያለ እንደ ኤሊ አንገት ይወጣል፣ የራቀውንም አምጥቶ ዓይን ሥር ያስቀምጠዋል። ስንሻው በዚህች ሌንስ አበደ ብል አላጋነንኩም። ደሴቱ ላይ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ጉልላት አነሳ፤ ዛፍ ጫፍ ላይ ያረፈ ንስር አነሳ፤ ማዶ መረብ የሚጥሉ ሰዎችን አነሳ።

«የቅርቡንማ ማንም በዓይኑ ያየው የለ?» ይላል ሲጠይቁት። «ይቺ የተሠራችው ለሩቅ ነው።»

ያሳደገችው ታላቅ እህቱ እትዬ አሰገደች ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ነበር፤ እሷ የመጣላትን ባል መልሳ፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ እያጸዳች ለቁም ነገር አበቃችው። ለራሷ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በሠፈሯ ሰው ሲሞት አልቃሾች ፎቶውን ደረታቸው ላይ ይዘው ነው የሚያስለቅሱት፤ ፎቶ የሌለው ሟች ለቅሶው አይሞቅለትም ይባላል። እሷ ያላት የመታወቂያዋ ፎቶ ብቻ ነው፤ እሱም የዓሣ ውሃ ሲነካው ኖሮ ፊቷ ጠፍቷል።

«ስንሻው፣ እስቲ አንድ ጊዜ አንሳኝ» አለችው። «ነገ ስሞት ምን ይዘው ሊያለቅሱብኝ ነው?»

«አንቺ ደግሞ! ሞትን ምን አስጠራሽ? እዚሁ ቤቴ አይደለሽ፣ የት ትሄጂብኛለሽ?»

«እንግዲያው አቶ ደምረው ዘንድ ሄጄ ልነሳ።»

አቶ ደምረው የከተማው ባለ ፎቶ ቤት ናቸው። ስንሻው ስማቸውን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ካሜራ ቤቷ እያለ ፎቶ ቤት ሄደች እንዲሉኝ ነው? እንዳታደርጊው፤ እኔው አነሳሻለሁ!»

ምን ታድርግ፣ የወንድሟ ስም በክፉ እንዳይነሳ ብላ ቀረች።

አንድ እሑድ ጠዋት፣ ፊልሙ ውስጥ አንድ ፎቶ ብቻ ሲቀር፣ ስንሻው ራሱ «ዛሬ ልበሺና ጠብቂኝ፤ ከሐይቅ ስመለስ አነሳሻለሁ» አላት። ጥበብ ቀሚሷን ለበሰች፣ ጸጉሯን ተሠራች፣ ወንበር ደጅ አውጥታ ተቀመጠች።

እሱ ሐይቁ መሀል ደርሶ ነበር። ድንገት ከሩቅ ከሸምበቆው ዳር ጉማሬ ብቅ አለና አፉን በሰፊው ከፈተ። ስንሻው ካሜራውን አወጣ። እህቱ ትዝ አላለችውም ማለት ውሸት ነው፤ ትዝ ብላዋለች። «እትዬን በሌላ ፊልም አነሳታለሁ፤ ጉማሬ ግን ነገ አፉን ይከፍትልኛል?» አለና ሌንሱን እስከ መጨረሻው አውጥቶ አነሳው። ፊልሙም በራሱ ጊዜ እያጓራ ተጠቀለለ።

ቤት ሲደርስ እትዬ አሰገደች እንደተቀመጠች ናት። ብርሃን ፊት ላይ መውደቅ አለበት ሲል ሰምታው ስለነበር፣ ፀሐይዋን እየተከተለች ወንበሯን ሦስት ጊዜ አዛውራለች።

«አለቀ፣ እትዬ።»

«ምኑ?»

«ፊልሙ። ጉማሬ አፉን ከፍቶ አይቼ…»

ቀሚሷን ዝቅ ብላ አየችና ጭኗ ላይ የወደቀ ቅጠል አራገፈች። «ምን ይደረግ፣ ለጉማሬው ነው ያለው» ብላ ሳቀች። እሱም አብሯት ሳቀ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ አንጀቱን ይበላዋል።

ለዚያ ካሜራ የሚሆን ፊልም የሚሸጠውም የሚታጠበውም ናዝሬት ብቻ ነው። ናዝሬት ሄጄ ሌላ ፊልም እገዛለሁ እያለ ዛሬ ነገ ሲል ሁለት ሳምንት አለፈ። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም፤ እትዬ አሰገደች ሐይቁ ዳር ዓሣ ስታጸዳ ወድቃ ሳትነሳ ቀረች። ከቀብር መልስ አልቃሾቹ «ፎቶዋን አምጡ» ቢሉ ምን ይምጣ! ስንሻው የጥምቀት ለት የታቦቱን ፎቶ ሲያነሳ እህቱ አብራው እንደነበረች ትዝ አለውና ፊልሙን ይዞ አቶ ደምረው ዘንድ ሮጠ። ሽማግሌው ሳያመነቱ ናዝሬት ወርደው አሳጥበው፣ በሠልስቱ ጠዋት ተመለሱ።

ከድንኳኑ ጀርባ ተቀምጠው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ጉልላት፣ ንስር፣ መረብ ጣዮች። የጥምቀቱ ላይ ሲደርሱ ስንሻው ፎቶውን ተቀብሎ ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ከሩቅ የተሳቡ ካህናት፣ የጃንጥላ ዘርፍ፣ ሌላ ምንም የለም።

«የት ነበረች?» አሉት አቶ ደምረው።

«ከፊት ለፊቴ። ፊቷን ወደ እኔ አዙራ እያየችኝ ነበር፤ ታነሳኛለህ ብላ መሰለኝ።»

«ሌንሱን ባታስወጣው ኖሮ ትገባ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ሲወጣ በራሷ ላይ አልፎ ሄደ።»

የመጨረሻው ጉማሬው ነበር፤ ጥርሱ ሳይቀር ይቆጠራል። ስንሻው ፎቶውን እንደያዘ መሬት ላይ ተዘርግቶ «እትዬ! ምነው እኔን!» እያለ ጮኸ። ድንኳን ውስጥ ያሉት በባዶ እጃቸው ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሳሉ። አንዲት ጎረቤት ጩኸቱን ሰምታ ወጣችና «አቶ ደምረው፣ ምን ሆኖ ነው? ፎቶዋ አልተገኘም?» አለች።

ሽማግሌው ፎቶዎቹን ለቃቅመው ፖስታው ውስጥ ከተቱና ራሳቸውን እየነቀነቁ፦ «ምን ይሆናል ልጄ፣ ሩቁን ሲያቀርብ ቅርቡ ራቀው» አሏት።