ጭራቁና የቅሉ ሰዎች

ተረት ተረት።

የመሰረት።

በድሮ ጊዜ፣ ጭራቅ እንደ ሰው ሆዱን በሚያመው ዘመን፣ ትርንጎ የምትባል ድሀ ሴት ነበረች። ያላት አንዲት ላምና አንድ ቅል ነው። ቅሉን በወይራ እያጠነች እርጎ ታረጋበታለች። እርጎውን ስትቀዳ ከታች ጥቂት ታስቀራለች፤ ለእርሾ ነው። አገሩ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። እርሾው ውስጥ ግን ከጤፍ የሚያንሱ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ሲዘፍኑ የምትሰማቸው እሷ ብቻ ነች።

አንድ ቀን ጭራቅ ከገደሉ ወረደ። የጎረቤቷን ዶሮ ዋጠ። የጎረቤቷን በግ ዋጠ። የትርንጎን ላም ከነቀንዷ ዋጠ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ። ቢገላበጥ እንቅልፍ የለም። ሆዴን ያዳነልኝን ሰው አልበላም ብሎ ለፈፈ።

ትርንጎ ያለ ላሟ እንዴት ትኑር? ቅሏን አዝላ ተነሳች። መንገድ ላይ የቅሉ ሰዎች አይዞሽ አሏት። ቤታችንን ካልነኩብን ዝም ነው፣ ከነኩብን ግን እናሳያቸዋለን አሉ።

«እነሆ እርጎ፣ ጌታው» አለችው ጭራቁን። «ከታች ያለውን ግን ለእርሾ ይተዉልኝ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ምግብ ሳስተርፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አንዴ ተጎነጨ። ሆዱ ጉርርር አለ። ሲያገሳ ዶሮዋ ክንፏን እያራገፈች ወጣች። ሁለተኛ ተጎነጨ። ጉርርር። በጉ ወጣ፤ ጸጉሩ አፍንጫው ገብቶ ጭራቁን አስነጠሰው። ሦስተኛ ሊደግም ሲል ትርንጎ ይብቃዎት፣ የቀረው እርሾ ነው አለችው። እሱ ምን ሰምቶ! ቅሉን ገልብጦ ጨለጠው። በጣቱም ጠርጎ ላሰው።

ያኔ የቅሉ ሰዎች ቤታችን ባዶ ቀረ፣ እንግዲህ ቤታችን እዚህ ነው ብለው ሆዱ ውስጥ ሰርግ ደገሱ። እስክስታ ወረዱ። ጭፈራው ጭራቁን ኮረኮረው። ሳቀ። እየተንከባለለ ሳቀ። ገደሉም አብሮት ሳቀ። አፉ በሳቅ ሲበረገድ ላሟ ዘላ ወጣች፤ ስታልፍ በጅራቷ ፊቱን ጠረገችው።

«እሜቴ፣ ዝም አሰኚልኝ» እያለ ለመናት።

«ጎመን ስትበላ ይተኛሉ» አለችው። «ሥጋ ከዋጥክ ሰርጉ ይቀጥላል።»

ጭራቁ ከዚያ ወዲህ ጎመን በላተኛ ሆነ። በግ ባየ ቁጥር ሳቁ እየመጣበት ይሸሻል። ትርንጎም ላሟን እየነዳች ገባች። ባዶ ቅሏን ያየች ጎረቤቷ፣ ዶሮዋና በጓ ተመልሰውላት የለ፣ ከራሷ ቅል እርሾ ቀነሰችላት። በዚያ እርሾ ያሉትም ሰዎች ሲዘፍኑ ትርንጎ ሰማቻቸው።

ልጆቼ፣ ለነገ እርሾ የማያስቀር ሰው፣ የገዛ ሆዱ ይጨፍርበታል።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በእርጎ አርሱ።